ቪዛው ሳይወጣ የተቆረጠ ትኬት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን ሂሳብ ባለፈው ሳምንት በወረቀት አድለናችኋል። ብዙዎቻችሁ አንድ መስመር ላይ ቆማችሁ እንደጠየቃችሁ ሰምተናል፤ «ጉዞ ያልተደረገበት የትኬት ብድር፣ 180,400 ብር» የሚለው ላይ። ዛሬ ሌላውን ትተን ስለዚህች መስመር እንናገራለን። አስቀድመን ግን ይታወቅልን፤ ከለጋሾች በተገኘው ገንዘብ አልተነካም። የወጣው ከአባላት ቁጠባና ብድር ነው። ይህ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም፤ በየወሩ ከመቀነት እየተፈታ የተጠራቀመ ገንዘብ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን አገር ፍራንክፈርት የሚኖሩ እህቶቻችን ለዓመት በዓላቸው ሁለት አባሎቻችንን ጋበዙ። በዓሉን ተካፍለው፣ አገር አይተው፣ በሁለት ሳምንት ሊመለሱ ነበር። ትኬቱን ማኅበሩ በብድር ቆርጦላቸው ሲመለሱ በየወሩ ሊከፍሉ ተስማማን።

ሁለቱም የጥሪውን ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫውን፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነውን የጉዞ መድን አሟልተው፣ የማይመለሰውን 90 ዩሮ ከፍለው፣ አሻራ ሰጡ። ከዚያ ቀን እስከ በረራው 36 ቀን ነበር። ትኬት ቆራጩ «ዋጋው ነገ ይጨምራል፤ ኤምባሲም የተከፈለ ትኬት ሲያይ ያምናል» አለን። እኛም አመንነው። የወጪ ማዘዣው ላይ ያለው ፊርማ የኛ ነው። ለእያንዳንዳቸው 104,000 ብር፣ በድምሩ 208,000 ብር ተከፈለ።

ለምን ተቻኮላችሁ ትሉን ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በፊት የሄደች አንዲት አባላችን በሁለት ሳምንት ቪዛዋን ይዛ ስትወጣ አይተን ነበር። ያኔ መደበኛው ጊዜ 15 ቀን ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ግን የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ኅብረቱ የሰጠው ምክንያት እዚያ የመኖር ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎች መልሶ በመቀበል ረገድ መንግሥታችን በበቂ አልተባበረም የሚል ነው፤ የመንግሥታቱ ጉዳይ ለኛ ሴቶች ትኬት ተረፈ ማለት ነው። ማመልከቻውን ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት እንደሚቻልም አላወቅንም ነበር። ሂሳብ የተማርን ሰዎች ሆነን 36 ከ45 እንደሚያንስ ለማየት ወረቀቱን አንብቦ መቀነስ ብቻ ይበቃን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛ የለቀምነውም ሙሉውን አይደለም።

ቤቱ ሁሉ ደግሞ የሚሄዱ መሆናቸውን አውቆ ነበር። በርበሬውና ሽሮው በላስቲክ ታሽጎ፣ ሽኝት ተደርጎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጋቢ ተበርክቶ፣ ተመርቀዋል። የበረራው ቀን ሲደርስ ፓስፖርታቸው ኤምባሲ ነበር። እስከ ከሰዓት በኋላ ስልክ ስንጠብቅ ዋልን። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋት አጠፋን፤ የዚያ ትኬት ደንብ ከመነሻው ሰዓት በፊት ለሚያሳውቅ ሰው በቅጣት ቀን እንዲለወጥ ይፈቅድ ነበር። «አሁን ይደወል ይሆናል» እያልን ሰዓቱን አሳለፍነው። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ የተመለሰልን ከታክሱ 27,600 ብር ብቻ ነው።

ፓስፖርቶቹ በ43ኛው ቀን ወጡ። የአንዷ ቪዛ ተመትቶበት ነበር፤ በዓሉ ግን አልፏል፣ በቪዛው ላይ የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው፣ ትኬትም የለም። ሌላዋ ደግሞ ተከልክላለች፤ ወደ አገሯ መመለሷ እንዳላሳመናቸው የሚገልጽ ቅጽ ተሰጣት። አራት ልጆችና አንድ የእንጀራ ምድጃ ትታ የምትሄድ ሴት ናት! ለሁለት ሳምንት ያህል ከቤት አልወጣችም። «ተሸኝቼ፣ ጋቢ ለብሼ፣ ጎረቤት እንዴት አያለሁ?» ነው ያለችን። ገንዘቡን በመዝገብ ልናሰፍረው ችለናል፤ ይህን ግን የምንጽፍበት ዓምድ የለንም።

ጉዳቱ ለሌላም ተርፏል። የባልትና ሥራዋን ለማስፋት ብድር ስትጠብቅ የነበረች አባላችን ሣጥኑ ስለጎደለ ወረፋዋ በአራት ወር ተገፍቷል። ፊት ለፊት ይቅርታ ጠይቀናታል።

ልጆቻችሁ አሜሪካ ያሉ እናቶች ይህ የአውሮፓ ነገር ነው እንዳትሉን። የአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ የማመልከቻ ክፍያም 185 ዶላር ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ ቪዛ ሳይያዝ ትኬት እንዳይገዛ ይመክራል። ለሸንገን ቪዛም ቢሆን ያልተከፈለበት የበረራ ቦታ ማስያዣ ይቀርባል፤ ትኬት ቆራጩ የነገረንን ሄደን ብናጣራ ኖሮ ይህን ያኔ እናውቅ ነበር። ማስያዣው ግን እውነተኛ ይሁን፤ በየሱቁ የሚታተም ሐሰተኛ ወረቀት አመልካቿን ራሷን ያስጠረጥራታል።

ሁለቱ እህቶች ዕዳውን ሙሉ በሙሉ እንክፈል ብለዋል። የሥራ አመራር ኮሚቴው ግን ግማሹ የኛ ጥፋት ነው ብሎ ከማኅበሩ መጠባበቂያ እንዲሸፈን ሐሳብ አቅርቧል። ቀሪውን 90,200 ብር ሁለቱ እኩል ተካፍለው፣ በየወሩ 2,050 ብር እያንዳንዳቸው፣ በ22 ወር ይጨርሳሉ። ከእንግዲህም የቪዛው ቅጂ ከወጪ ማዘዣው ጋር ካልተያያዘ በስተቀር የውጭ አገር ትኬት እንዳይከፈል፣ ማዘዣውንም ከሂሳብ ክፍል ውጭ ያለች አንዲት አባል አይታ እንድትፈርም እንጠይቃለን። ሁለቱንም ከምሳ በፊት ድምፅ ትሰጡባቸዋላችሁ።

ደረሰኞቹና የትኬቶቹ ቅጂ መድረኩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ በሰማያዊው ማኅደር ውስጥ አሉ። ማየት የምትፈልጉ ኑና ተመልከቱ፤ ጥያቄም ካላችሁ እዚሁ ነን።