አስም ያለበት ሰው ይንቀሳቀስ?

«አስም አለባት፤ ዳገት አትውጣ፣ ገበያም አትሂድ» የሚሉ ባሎች ወደ ክሊኒካችን ይመጣሉ። ሐሳባቸው ደግ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚቀመጥ ሰው አቅሙ እየደከመ በትንሽ ዳገትም ያለከልካል። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ አስም እያለባት በ1995 ዓ.ም. የለንደንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ጨርሳለች።

እናንተ በእግር ጉዞ ጀምሩ። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ያህል ዝግ ብላችሁ ተራመዱ፤ ከአቧራ፣ ከጭስና ከማለዳ ብርድ ራቁ። ሐኪም ያዘዘላችሁ የሚሳብ ማስታገሻ ከኪሳችሁ አይለይ፤ ደረታችሁ ሲታፈን ወይም ትንፋሻችሁ ሲያፏጭ ቆም ብላችሁ ሳቡት። በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ካስፈለጋችሁ ጥፋቱ የእግር ጉዞው አይደለም፤ አስሙ በቂ ሕክምና አላገኘምና ለሐኪም ንገሩ። በግንኙነት ጊዜ ትንፋሽ የሚያጥራችሁም እንዲሁ፤ እኛ ዘንድ ይህ አያሳፍርም።