ቀሚሱ ባጠረ ቁጥር
(ስለ ባሌት አልባሳት ታሪክ የቀረበ ዲስኩር)



ስለ ባሌት ሲወራ ሙዚቃው ይነሣል፤ ኮሪዮግራፈሩ ይመሰገናል፤ ዳንሰኛዋ ይጨበጨብላታል። ልብስ ሰፊውን የሚያስታውሰው የለም። እኔ ግን ዛሬ ስለ ልብስ ሰፊው ሥራ እናገራለሁ። ባሌት የዛሬ መልኩን ያገኘው ከዳንስ መምህሩ ብቻ አይደለም፤ ከመቀሱም ነው ብዬ አምናለሁና። የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚነሣው ከቤተ መንግሥት ነው። በ1653 ፓሪስ ውስጥ በቀረበው «የሌሊት ባሌት» ላይ የ14 ዓመቱ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የንጋት ፀሐይ ሆኖ ጨፈረ። ከራሱ ላባ እስከ ጫማው ድረስ ወርቅ በወርቅ ለብሶ ነበር። የዚያ ልብስ ተግባር ማስጨፈር አልነበረም፤ ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደሆነ ማሳየት ነበር። ሙያተኛ ሴቶች በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ መጨፈር የጀመሩት በ1681 ሲሆን፣ እነሱም የወረሱት ይህንኑ ሸክም ነው፤ ወለል የሚጠርግ ቀሚስ፣ ወገብ የሚጠፍር ኮርሴት፣ ዊግ፣ ጭንብል፣ ባለ ታኮ ጫማ። በእስክስታ ወሬው ሁሉ ትከሻ ላይ እንደሆነ፣ በባሌት ወሬው እግር ላይ ነው፤ እግሩ ግን አይታይም ነበር።

ማሪ ካማርጎ በ1726 ፓሪስ ኦፔራ ስትገባ እስከዚያ ድረስ የወንዶች ተደርጎ ይቆጠር የነበረውን ፈጣን ዝላይ ይዛ መጣች። አየር ላይ እግሮቿን እያጠላለፈች ትወርዳለች። ቀሚስ የሸፈነውን ጥበብ ማን ያደንቃል? ጠርዙን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አደረገችው፤ የጫማዋንም ታኮ አስወገደች። የዘመኗ ተፎካካሪ ማሪ ሳሌ ደግሞ ከዚህ የባሰ ድፍረት አሳየች። በ1734 ለንደን ውስጥ «ፒግማሊዮን» በተባለው ሥራ፣ ነፍስ የዘራች ሐውልት ሆና ስትቀርብ፣ ቀሚስ መወጠሪያውን ጥላ፣ ጸጉሯን ፈትታ፣ እንደ ግሪክ ሐውልት የተጣለ ስስ ሙስሊን ለብሳ ወጣች። ታሪክ ካማርጎን የበለጠ ያነሣታል፤ ለእኔ ግን ትልቋ ሳሌ ናት። ካማርጎ ያሳጠረችው እግሯ እንዲታይላት ነው፤ ሳሌ ግን ልብሱ ለሚተረከው ታሪክ እንዲስማማ ጠየቀች።

ጭንብሉ ለመውለቅ ብዙ ቆየ። ኮሪዮግራፈሩ ዣን ዦርዥ ኖቬር በ1760 ባሳተማቸው ደብዳቤዎች ፊትን የሚሸፍን ዳንሰኛ ስሜትን እንዴት ይገልጻል ብሎ አምርሮ ተከራከረ። ጭንብሉን ያወለቀው ግን ክርክሩ አልነበረም፤ የሙያተኛ ኩራት ነበር። በ1772 ዳንሰኛው ማክሲሚሊያን ጋርዴል ስመ ጥሩውን ዳንሰኛ ጋኤታኖ ቬስትሪስን ተክቶ እንዲጨፍር ሲጠየቅ፣ ተመልካቹ ከቬስትሪስ ጋር እንዳያምታታኝ ብሎ ፊቱን ገልጦ ወጣ።

አሁን ወደ 1832 እንለፍ። መጋቢት 12 ቀን ማሪያ ታሊዮኒ «ላ ሲልፊድ»ን ስትጨፍር የለበሰችው ነጭ፣ ደወል መሳይ፣ በስስ ጨርቅ የተነባበረ ቀሚስ ለባሌት እንደ ዩኒፎርም ሆኖ ቀረ። ቀሚሱን ያሳመረው ብቻውን ንድፉ አልነበረም። ፓሪስ ኦፔራ ከ1822 ጀምሮ የጋዝ መብራት አስገብቶ ነበር፤ ብርሃኑን እንደ ልብ ማደብዘዝ ስለተቻለ ነጭ ጨርቅ በጭለማ ውስጥ የጨረቃ ብርሃን ይመስል ነበር። ቀሚሱና መብራቱ አብረው ተወለዱ ማለት ይቻላል። አብረውም ገደሉ።

ስስ ጥጥ፣ በንብብሩ መካከል አየር የያዘ፣ ክፍት ነበልባል አጠገብ። በታኅሣሥ 1844 ለንደን ውስጥ በድሩሪ ሌን ቲያትር ዳንሰኛዋ ክላራ ዌብስተር በተመልካች ፊት ተቃጠለች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የኤማ ሊቭሪ ታሪክ ነው። የታሊዮኒ ተማሪ ነበረች። መምህሯ በ1860 በኦፈንባክ ሙዚቃ የቀመረችላት ባሌት፣ ክንፏ በችቦ የሚቃጠል ቢራቢሮን የሚተርክ ነበር። በፓሪስ የመድረክ አልባሳት እሳት በሚከላከል ድብልቅ እንዲነከሩ ከ1859 ጀምሮ ደንብ ወጥቷል። ሊቭሪ ግን እምቢ አለች፤ የተነከረው ጨርቅ ይደርቃል፣ ንጣቱንም ያጣል። ሕዳር 15 ቀን 1862 በልምምድ ላይ ቀሚሷን ስታንሰራፋ ጋዙ ያዘው። በሐምሌ ወር 1863 አረፈች፤ 21 ዓመት እንኳን አልሞላትም። ግትርነት ነው የሚሏት አሉ። እኔ አልፈርድባትም፤ ተንሳፋፊ መንፈስ እንድትመስል እየተከፈላት ጨርቅሽን አክብጂ ማለት ሁለት የሚጋጩ ትእዛዞች መስጠት ነው።

ከዚያ በኋላ ማሳጠሩን የገፉት ጣሊያናውያን ናቸው። ቪርጂኒያ ዙኪ በ1885 ሴንት ፒተርስበርግ ስትደርስ የሩሲያን ረጅም ቀሚስ አልለብስም አለች። ፒየሪና ሌኛኒ በአንድ እግር ጫፍ ላይ 32 ጊዜ ስትሾር ጉልበቱ ሲሠራ መታየት ነበረበት። ቱቱ የሚባለው ጠፍጣፋ አጭር ቀሚስ የተፈለገው ለዚህ ነው፤ አሥርና ከዚያ በላይ ንብብር ያለው፣ በእጅ የሚሰፋ። ውበቱ የራሱን ችግር አመጣ፤ ዳንሰኞች ተጠጋግተው ሲቆሙ ቀሚስ ከቀሚስ ይጋጫል። ባርባራ ካሪንስካ በ1950 ኒው ዮርክ ውስጥ ለኮሪዮግራፈሩ ባላንቺን ሥራ ለ«ሲምፎኒ ኢን ሲ» ሽቦ የሌለው አጭርና ለስላሳ ቱቱ የሰፋችው ይህን ለመፍታት ነው። ባላንቺን ራሱ በኋላ ጭራሹን ቱቱውን አስወልቆ ዳንሰኞቹን በልምምድ ልብስ አወጣቸው፤ «አጎን» በ1957 በጥቁርና ነጭ የልምምድ ልብስ ነው የቀረበው።

የወንዶቹን ነገር በአጭሩ ላንሣ። በ1911 ሩሲያዊው ዳንሰኛ ኒዢንስኪ «ዢዜል»ን ሲጨፍር በታይቱ (እግር ላይ በሚጣበቀው ስስ ልብስ) ላይ መደረብ የነበረበትን አጭር ሱሪ ስላላደረገ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ቲያትር ተባረረ። ለሩሲያዊው አዘጋጅ ለዲያጊሌቭ የባሌት ቡድን ግን ሲሳይ ሆነለት።

አሁን ስለ ታይቱ ራሱ። ታይት የተፈለገው ቆዳን እየሸፈነ ቆዳ እንዲመስል ነው። በ1907 ኮሪዮግራፈሩ ፎኪን «ዩኒስ» የተባለውን ባሌት ሲያዘጋጅ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መድረክ ባዶ እግር ክልክል ስለነበር በታይቱ ላይ የእግር ጣቶች እስከ መሣል ተደርሷል። እንግዲህ ሮዝ ታይትና ሮዝ ጫማ ቆዳ ከመሰሉ፣ የማንን ቆዳ ነው የመሰሉት? ዓላማው ከዳሌ እስከ ጣት ጫፍ አንድ ያልተቋረጠ መስመር ማሳየት ነው፤ ጥቁር ዳንሰኛ ሮዝ ሲያጠልቅ መስመሩ ወገቡ ላይ ይቆረጣል።

አርተር ሚቼል በ1969 ያቋቋመው የሀርለም ዳንስ ቲያትር በ1970ዎቹ ታይቱንም ጫማውንም በየዳንሰኛው ቆዳ ልክ ማቅለም ጀመረ። ሌላ ቦታ ያሉት ጥቁር ዳንሰኞች ግን ጫማቸውን በፊት ሜካፕ እየቀቡ ኖሩ፤ አንድ ጥንድ ጫማ በአንድ ምሽት ሊያልቅ እንደሚችል አስቡት፤ በየጥንዱ ቅብ ነው። ጫማ ሠሪው ፍሪድ ኦፍ ለንደን ከባሌት ብላክ ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማና ነሐስማ የጣት ጫፍ ጫማ የሠራው በ2018 ነው። በ2020 የፓሪስ ኦፔራ ጥቁር ሠራተኞች ለቤቱ አስተዳደር ጥያቄ አቀረቡ፤ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የቆዳቸውን ቀለም የሚመስል ታይትና ጫማ ነበር፤ ተቀባይነትም አገኘ።