ጠቋሚው የሚያየው ዋጋን ብቻ ነው

ስልኩ ላይ የአክሲዮን መገበያያ የጫነ ሰው ሁሉ ከዋጋው ግራፍ በታች የሚወዛወዙ መስመሮችን ያያል። የቴክኒካዊ ትንተና ጠቋሚዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እኔ ዛሬ የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው፤ በቶሮንቶ ገበያ ጠቋሚ ከማንበብ በፊት ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል።

በጣም የታወቀውን እንፍታው። ዌልስ ዋይልደር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ አር ኤስ አይ የሚባለውን ጠቋሚ አስተዋወቀ። ያለፉትን 14 የግብይት ቀናት ውሰዱ። ዋጋው በወጣባቸው ቀናት የጨመረውን ደምራችሁ ለ14 አካፍሉ፤ በወረደባቸው ቀናት የቀነሰውንም እንዲሁ። የመጀመሪያው 60 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 20 ሳንቲም ቢሆን፣ 60 ለ20 ሲካፈል 3 ነው። በ3 ላይ 1 ጨምሩና 100ን ለ4 አካፍሉ፤ 25 ይመጣል። እሱን ከ100 ስትቀንሱ 75 ይቀራል። ከ70 ሲበልጥ አክሲዮኑ ከመጠን በላይ ተገዝቷል፣ ከ30 ሲያንስ ከመጠን በላይ ተሽጧል ይባላል። ነገሩ ይኸው ነው። ኩባንያው ትርፋማ ይሁን ዕዳ የዋጠው፣ በዚህ ስሌት ውስጥ የሚናገር አንድም ቁጥር የለም።

የካናዳውን የቴሌኮም መሣሪያ አምራች ኖርቴልን የሚያስታውስ ሰው በዚህ አዳራሽ አይጠፋም። በጁላይ 2000 የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 124 የካናዳ ዶላር ከ50 ሳንቲም ደርሶ ነበር፤ ያኔ የቶሮንቶ ገበያ መለኪያ ከነበረው ቲ ኤስ ኢ 300 ውስጥ ከሲሶ በላዩን የያዘው ይህ አንድ ኩባንያ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 25 ቀን፣ ገቢው ከተጠበቀው አነሰ በተባለ ማግስት፣ በአንድ ቀን የዋጋውን ሩብ ያህል አጣ። በ2002 ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በጃንዋሪ 2009 ደግሞ ከአበዳሪዎቹ የሚጠብቀው ከለላ ለማግኘት ፍርድ ቤት ሄደ። እንዲህ በሚንከባለል አክሲዮን ላይ አር ኤስ አይ ደጋግሞ ከ30 በታች ይገባል፤ «ረክሷልና ግዙ» የሚመስል ምልክትም በየጊዜው ይሰጣል። የ200 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ፣ ማለትም ያለፉት 200 የግብይት ቀናት ዋጋ አማካይ፣ ግን ዋጋው ከሥሩ እስካለ ድረስ ጉዞው ቁልቁል ነው ይላችኋል። ዝግተኛ ነው፤ ጫፍ ላይ አያስወጣም፤ አንዳንዴም በከንቱ ያስወጣል። ቢሆንም ከጠቋሚዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል እሱን እይዛለሁ።

አሁን ወደ ካናዳ ልዩ ጠባይ ልምጣ። በቶሮንቶ መለኪያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ዘይትና ጋዝ አምራቾች፣ ማዕድን አውጪዎች ናቸው። በአምስት የአልበርታ ዘይት አምራቾች ላይ በአንድ ሳምንት «ግዛ» የሚል ምልክት ብታዩ፣ አምስት ማስረጃ አገኘን አትበሉ፤ አንዱን የዘይት ዋጋ አምስት ጊዜ መቁጠራችሁ ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ዘይት የወደፊት ውል ከዜሮ በታች ወርዶ፣ ሻጩ ዘይቱን ለሚረከበው በበርሜል 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም እስከ መክፈል ደርሶ ነበር። የኮቪድ ወረርሽኝ ፍላጎትን እንዳጠፋና ማጠራቀሚያው እንደሞላ ከአክሲዮን ግራፍ ማንበብ አይቻልም።

የባንክ አክሲዮን የሚወዱ ደግሞ የትርፍ ድርሻውን ቀን ይጠንቀቁ። 60 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን በየሩብ ዓመቱ 90 ሳንቲም ይከፍላል እንበል። የዚያን ጊዜ ክፍያ የማግኘት መብት የሚቋረጥበት ቀን ሲደርስ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ልክ ገደማ ዝቅ ብሎ ይከፈታል። ግራፉ ለዚህ ካልተስተካከለ፣ ዋጋው አማካዩን ሰብሮ ወረደ ብሎ ያስደነግጣችኋል። ማንም አልሸሸም፤ ገንዘቡ ወደ ባለአክሲዮኖቹ ኪስ የሚገባ ነው።

እንደ ሮያል ባንክ ያሉት በቶሮንቶም በኒውዮርክም ይገበያያሉ። የካናዳ ዶላር ሲዳከም በቶሮንቶ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር በኒውዮርክ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል፤ የግብይት መጠኑንም በአንዱ ገበያ ብቻ ቆጥሮ መፍረድ ያሳስታል። ቲ ኤስ ኤክስ ቬንቸር በሚባለው ገበያ ላይ ስላሉት ጥቃቅን የማዕድን ፍለጋ ኩባንያዎች ብዙ አልልም፤ አንዳንዱ ገዥ ሳያገኝ በሚውልበት ገበያ የ14 ቀን አማካይ ትርጉም የለውም።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ቲ ኤፍ ኤስ ኤ በሚባለው ከግብር ነፃ ሂሳብ ውስጥ ጠቋሚ እየተከተላችሁ በየቀኑ አትግዙ፣ አትሽጡ። እዚያ የደረሰ ኪሳራ ከግብር አይቀነስም፤ በኪሳራ ያለቀው የማስቀመጫ ጣሪያም አይተካም። ግብይቱ እንደ ንግድ ሥራ ከተቆጠረ ደግሞ የካናዳ ገቢዎች መሥሪያ ቤት በትርፉ ላይ ግብር ሊጠይቅ ይችላል።