ዝናቡ ሲመጣ ልጆቹ የት ይሁኑ?

የፊደል ገበታውንና ደብተራችሁን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዝናብ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከማታ ተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ «መምህር፣ ሰማዩ ሲጠቁር ልጆቹን ለምን ቶሎ አይለቋቸውም? አስተማሪዎች አንጀታችሁ ደረቅ ነው» አሉኝ። ከጎናቸው የተቀመጡ አንድ አባት ቀበል አድርገው፣ «ለዝናብ ትምህርት ቤት የሚዘጋ ከሆነ እኛም ለዝናብ እርሻ እንዝጋ እንዴ?» አሏቸው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እንደምታውቁት መደበኛው ትምህርት በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ያልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝግ ነው። ከተሜው ይህን ለተማሪ የተሰጠ መዝናኛ ያስመስለዋል። ገበሬው ግን ያውቀዋል፤ በነዚያ ወራት ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ልጅም ለአረሙና ለከብቱ ይፈለጋል። አስተማሪውም ቢሆን እግሩን ዘርግቶ አይተኛም፤ ከመካከላችን ብዙው ዲፕሎማውንና ዲግሪውን ያገኘው በክረምት ኮርስ ነው።

ጭቅጭቁ ያለው በሐምሌ አይደለም፤ በዳርና ዳሩ ላይ ነው። በባሕረ ሐሳቡ ቁጥር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው፤ ዝናቡ ግን ያን ቀን ቆሞ አይጠብቅም። ሰኔ የፈተና ወር ነው፣ ሰማዩም የሚከብደው በዚያው ወር ነው። መስከረም የምዝገባ ወር ነው፣ ወንዙም ገና አልጎደለም።

ክረምትና ትምህርት ጨርሶ አይስማሙም የሚል ሰው ካለ ደግሞ 1971 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በዚያ ዓመት በሐምሌ፣ በክረምቱ አጋማሽ ነበር። አስተማሪውና ተማሪው ከመደበኛው ሥራ የሚለቀቁት ያን ጊዜ ነዋ! ዘመቻው በኋላ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ሲሰጥ ስንትና ስንት ሰው ጭቃውን ረግጦ እየመጣ ፊደል ቆጠረ።

በዝናብ ማስተማር ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ዶፍ ሲወርድ የኔ ድምፅ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም። አፌ ሲንቀሳቀስ ያዩታል እንጂ አይሰሙኝም። የሣር ክዳኑ ይሻል ነበር፤ ያፈሳል እንጂ አይጮህም። መስኮቱ መስተዋት ከሌለው ውሽንፍሩን ለመከላከል መዝጊያው ይዘጋል፣ ከተዘጋ ደግሞ ክፍሉ ይጨልማል። እንዲህ ሲሆን ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን አጣጥፎ የሚቆም አስተማሪ አለ፤ እኔም በልጅነቴ እንዲሁ አደርግ ነበር። አሁን ግን ከግንቦት ጀምሬ ድምፅ የማይጠይቅ ሥራ አዘጋጃለሁ፤ የእጅ ጽሕፈት፣ ከሰሌዳ የሚገለበጥ ሒሳብ፣ በሁለት በሁለት ሆነው በጆሮ የሚነባበቡት ምንባብ። ልጆቹ «የዝናብ ሥራ» ብለው ስም አውጥተውለታል። አንዳንዶቹ ዶፉ ቶሎ ሲያባራ እንደሚከፋቸው ነግረውኛል።

አሁን እንቅልፍ ወደ ነሣኝ ነገር ልምጣ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የሰኔ ቀን ነበር፣ ከቀትር በኋላ። በማዶው ተራራ ላይ ደመናው ጠቁሮ ተከመረ፤ እኛ ዘንድ ግን ፀሐይ ነው፣ ጠብታም አልወረደም። አስተማሪዎቹ ተሰበሰብንና ልጆቹ ሳይበሰብሱ ቤታቸው ይግቡ ብለን በ8 ሰዓት ለቀቅናቸው። እውነቱን ለመናገር እኛም ሳንበሰብስ መግባት አምሮን ነበር። ጠዋት ቁርጭምጭሚት የሚያክል ውኃ የነበረው ወንዝ፣ ልጆቹ መልካው ላይ ሲደርሱ ከላይ የዘነበውን ይዞ መጣ። ሦስቱ ተሻግረው ነበር። አራተኛዋን፣ የወንድሟን እጅ የያዘች የሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ውኃው ነጥቆ ወሰዳት። ዳገቱ ላይ ያርስ የነበረ አንድ ገበሬ ጥማዱን ትቶ፣ ጅራፉን እንደያዘ በዳርቻው ሮጠ፤ ከታች ቁጥቋጦ ሲይዛት ደርሶ በቀሚሷ ጎትቶ አወጣት። ተረፈች፤ ደብተሯና ጫማዋ ሄዱ። በማግሥቱ አባቷ መጡና አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። «ክፍል ውስጥ ብታቆዩዋት ኖሮ ምን ትሆን ነበር?» ብቻ አሉን። ቢበዛ ይርባት ነበር። ከመካከላችን ይህን እንኳ አፉን ከፍቶ የመለሰላቸው አልነበረም።

ስለዚህ ለዚያች እናት መልሴ ይኸው ነው። ልጅ አንዴ ትምህርት ቤት ከደረሰ በኋላ ሰማይ ጠቆረ ብሎ ወደ ወንዝ መስደድ ርኅራኄ መስሎን የሠራነው ስሕተት ነው። በደጋው አገር ዶፉ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ነው፤ ልጆቹ መንገድ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ማለት ነው። ትንሽ ወንዝ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይጎድላል። ያን ጊዜ የሚያሳልፍ ጣሪያ ነው የሚያስፈልገው። ይፍሰስም፣ ይጩህም፣ ጣሪያ ጣሪያ ነው። ልጁ ቢመሽበት አባት ወይም ታላቅ ወንድም መጥቶ ይውሰደው።

ደራሽ ውኃን በራሳችሁ ሰማይ አትመዝኑት። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ሰው የሚመላለስበት ደረቅ አሸዋ ነው። ከላይ ከደጋው የወረደው ውኃ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ከፍታውም አንድ አንድ ሜትር በሆነ ሣጥን የሚሞላ ውኃ 1,000 ኪሎ፣ ማለት 10 ኩንታል ይመዝናል። ጉልበት የማይደርስ ነው ብላችሁ የናቃችሁት ጎርፍ አዋቂውን ይጥላል፤ ልጅማ ምን አቅም አለው?

ጠዋት ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ወንዙ ከሞላ፣ ልጁን ቤት የማስቀረት ሥልጣኑ የእናንተ የወላጆች ነው። በረዶ በሚበዛበት አገር፣ ለምሳሌ በሰሜን አሜሪካ፣ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ ትምህርት ይዘጋል የሚለው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ልጁ ከቤት ሳይወጣ ነው፤ ቀድሞ በራዲዮ፣ ዛሬ በስልክ መልእክት። እኛ ዘንድ ያለው ቢሮ ግን ወንዛችሁን አያየውም። የሚያየው መልካው አጠገብ የሚኖረው ሰው ነው። እሳቸውን ጠይቁ። በበጋ አንድ ትልቅ ድንጋይ ኖራ ቀብታችሁ ዳር ላይ ትከሉ፤ ውኃው ኖራውን ከሸፈነ ማንም አይሻገር፣ አስተማሪም ቢሆን።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኛም ነው። ወላጅ ልጁን በሰኔ ወደ ሞላ ወንዝ የሚሰደው ፈተና ያመልጠዋል ብሎ ፈርቶ ነው። በወንዝ የቀረ ልጅ ፈተናውን በሌላ ቀን እንደሚቀመጥ በግንቦት የወላጆች ስብሰባ ላይ ካልተናገርን፣ ያን ልጅ ወደ ውኃው የገፋነው እኛ ነን። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ለሁለት ልጅ ሌላ ፈተና ማውጣት ያሰለቻል፤ እኔንም ያሰለቸኛል። እናውጣው።

እናንተ የማታ ተማሪዎች ደግሞ አሁን ደብተራችሁን ክፈቱ። ለዛሬ የምትጽፉት ይህ ነው፦ «ለልጄ መምህር። ትናንት ወንዙ ስለ ሞላ ልጄን አስቀርቼዋለሁ።» ከሥሩ ስማችሁን በራሳችሁ እጅ ጻፉ፤ የአውራ ጣት አሻራ ይቅር። ወረቀቱን እጠፉና ልጁ በማግሥቱ ይዞት ይሂድ። በሚቀጥለው ሳምንት «ኀ»ን እና «ሐ»ን እንቀጥላለን። ደኅና አምሹ።