የጎረቤታችን አየር መንገድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ የሞተ አየር መንገድ ጥቂት ልናገር ተነሥቻለሁ። በበዓል ቀን ስለ ሞተ ነገር መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ እስክጨርስ ድረስ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

የሶማሊያ አየር መንገድ የተመሠረተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሲቋቋም የሶማሊያ መንግሥትና የኢጣሊያው አሊታሊያ በእኩል ድርሻ ገቡበት። ሥራውን የጀመረው በዲሲ 3 አይሮፕላኖችና በትንንሽ ሴስናዎች ሲሆን፣ እያደገ ሄዶ ቦይንግ ጄቶችን፣ በመጨረሻም ኤርባስ 310 ለማብረር በቃ።

ነገር ግን በ1980 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነት ሐርጌሳ ገባ። መንገደኛ ይሣፈርበት ከነበረው አይሮፕላን ማረፊያ የጦር አይሮፕላኖች እየተነሡ የገዛ ከተማቸውን ደበደቡ። ሕዝቡም በእግሩ ወደ እኛ ሸሸ። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ በሐርታ ሼክ የተቋቋመው መጠለያ በዚያን ዘመን በዓለም ካሉት እጅግ ትልልቆቹ አንዱ ነበር። በክፍላችን ውስጥ አያቶቻቸው በዚያ የኖሩ ልጆች አሉ። ጄት ያለው አገር ሕዝብ በእግሩ ድንበር መሻገሩ ሊያሳስበን ይገባል።

በጥር 1983 ዓ.ም. የሞቃዲሾ መንግሥት ወደቀ፤ አየር መንገዱም አብሮት ወደቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት፣ ዳሎ የሚባል የግል አየር መንገድ በጅቡቲ ተቋቋመ። እርሱም ኋላ የሶቪየት ሥሪት የሆኑ አይሮፕላኖችን ጭምር እየተከራየ፣ የተበተነውን ሕዝብ ከአገሩ ጋር ማገናኘት ያዘ። መንግሥት ቢጠፋም ዘመድን ለመጠየቅ የሚነሣ መንገደኛ አልጠፋም ነበርና።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም እንዲሁ የውጭ ረዳት፣ የአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ.፣ ነበረው፤ የጀመረውም በዲሲ 3 ወገን በሆኑ አይሮፕላኖች ነው። በዚያው በ1983 ዓ.ም. በግንቦት በአዲስ አበባም መንግሥት ወደቀ። አየር መንገዱ ግን አልወደቀም። ስለምን? አንደኛ፣ አገሪቱ እንደ ጎረቤታችን ፈጽማ አልፈረሰችም። ሁለተኛ፣ አብራሪውንና መካኒኩን በገዛ ትምህርት ቤቱ ያሠለጥን ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ! አይሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ በኪራይም ይገኛል። ሰላምና የሠለጠነ ሰው ግን ከገበያ አይገኙም። ሰላምን እኛው ልንጠብቃት ይገባል፤ ሰውን ማሠልጠን ደግሞ በዓሉን የምናከብርለት የትምህርት ቤታችን ሥራ ነው።