ባዶ የተባለው ራጅ



ስለ ሕክምና እንዳወራ ነበር የተጋበዝኩት፤ እኔ ግን ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለሠራሁት ስህተት ልነግራችሁ ነው። ታገሡኝ።

መንዝ ደጋ ላይ ስሠራ የራጅ ፎቶዎቹን ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። እዚያ የአንድ ፎቶ ፋይል እስከ 1 ጊጋባይት ድረስ ሊቀመጥ ይችላል፤ ትልቁን ዳታቤዙ ራሱ ወደ 2 ኪሎባይት በሚጠጉ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ያኖረዋል። የኮምፒውተር ባለሙያችን ሲለቅ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ተረኛ ባልሆንኩባቸው ሌሊቶች፣ በዚያ ብርድ፣ ሲ ተማርኩና ፋይሉ ደህና ራጅ መሆኑን የሚያጣራ ፋንክሽን ጻፍኩ።

አንድ ቀን ከግሼ በርኖሳቸውን ደርበው አንድ አባት መጡ። የቲቢ መድኃኒት ጨርሰው ነበር። አዲሱ ራጅ ላይ ጥላ አየሁ። የቆየ ጠባሳ ነው ወይስ አዲስ በሽታ? የድሮውን ሳስከፍት «ባዶ» አለኝ።

«ልጄ፣ ማሽኑ ፎቶዬን በላው እንዴ?» አሉኝ።

«ተሰርዞ ይሆናል አባቴ» አልኳቸው። ለተጨማሪ ምርመራ ደብረ ብርሃን ላክኋቸው። ለመሳፈሪያ በግ ሸጡ።

ፎቶው ግን አልጠፋም ነበር። መጠኑን የለካሁት ስትርለን በምትባለው የጽሑፍ መለኪያ ነው፤ እሷ ደግሞ ዜሮ ባይት ካገኘች እዚያው ታቆማለች። የዳይኮም ራጅ ፋይል የመጀመሪያዎቹ 128 ባይቶች ብዙ ጊዜ ዜሮ ናቸው። ሙሉውን ሳንባ «ርዝመቱ 0» አለችኝ በቃ!

ትክክለኛው ርዝመት እኮ ፖስትግሬስ ውስጥ ከመረጃው ፊት ተጽፎ ይቀመጣል፤ ቫርሳይዝ በሚባሉት ማክሮዎች ማንበብ ነው። ከ128ቱ ባይት ቀጥሎ «ዲ፣ አይ፣ ሲ፣ ኤም» የሚሉ አራት ፊደላት መኖራቸውን ማየት ይበቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው 132 ባይት ብቻ ቆርጦ ማምጣት ይቻላል፤ ዓምዱ ሳይታመቅ እንዲቀመጥ ካዘዛችሁት ፋይሉ በሙሉ አይነበብም።

ኮዱን ከእኔ ሌላ ያየው ሰው አልነበረም። ሲ ፋንክሽን ደግሞ ሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከተሰጠው ማህደረ ትውስታ አልፎ ቢጽፍ የሁሉንም ሰው ሥራ ይዞ ይወድቃል። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሮቻችን፣ ዛሬ ኮዱን በፍላሽ ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ አትሂዱብኝ።

አባቴ ሲመለሱ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ጥላው ያው ነው፣ ጠባሳ። በደንብ አዩና «የቱ ነው የድሮው?» አሉኝ።