የመማሪያ ክፍልን ድምፅ ስለ ማረምና ስለ ፋይበርግላስ ሰሌዳ አመራረጥ

(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ሲሰሙት የአናጢና የግንበኛ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን በመምህርነት ሥራችን ውስጥ የዚህን ያህል የሚነካን ነገር ጥቂት ነው። መጻሕፍቱ ቢሟሉ፣ መምህሩም ቢተጋ፣ ቃሉ ከአፉ ወጥቶ በተማሪው ጆሮ ሳይበላሽ ካልገባ ድካሙ ሁሉ በከንቱ ይቀራል።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። አንድ ጊዜ በአንድ አዲስ ሕንፃ ውስጥ የቃል ጽሕፈት ሳስጽፍ፣ በኋለኛው መደዳ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ጥል» ያልሁትን «ትል» ብሎ ጻፈ። ገሠጽሁት። በማግሥቱም ያንኑ የመሰለ ስሕተት ስለ ደገመ ሰነፍ ነው ብዬ ፈረድሁበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ልጆቹን ከግቢው ዛፍ ሥር አውጥቼ ጽሕፈቱን ባስጽፋቸው፣ ያ ልጅ አንድ ፊደል ሳያስት ጻፈ። ጥፋቱ የግድግዳው እንጂ የልጁ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ቀን ነው። ግሣጼውን ግን መልሼ ልወስደው አልቻልሁም።

በሜዳ የተናገሩት ቃል ሄዶ አይመለስም። የጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤት በዛፍ ጥላ ሥር ሲሆን እንዲህ ያለ ችግር አልነበረበትም፤ በጎጆ ውስጥም ቢሆን የሣሩ ክዳን ድምፁን ይመጥጠው ነበር። የዛሬው ክፍላችን ግን ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መስተዋት ስለ ሆነ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየነጠረ ይቆያል፤ የፊተኛው ቃል ሳይጠፋ የሚቀጥለው ይደርስበታል። በቋንቋችን ጉዳቱ በግልጥ ይታያል። «አለ» ሲላላ መናገር ነው፤ ሲጠብቅ መኖር ነው። «ይበላል» ሲላላ በዪው ነው፤ ሲጠብቅ ተበዪው ነው። መጥበቅና መላላት የሚለዩት ፊደሉ በሚወስደው እጅግ አጭር ጊዜ ስለ ሆነ፣ ያን ጊዜ የቀደመው ድምፅ ቅሪት ሲሞላው ልዩነቱ ይደበዝዛል። ዐዋቂ ሰው የጎደለውን ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ይሞላዋል፤ ገና ቃላት የሚለቅም ሕፃንና በሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ተማሪ ግን በምን ይሙላው?

ይህን ነገር በሚዛን የለካው የመጀመሪያው ሰው በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲው በፎግ ሙዚየም ያሠራው የትምህርት አዳራሽ ንግግር የማይሰማበት ሆነና እንዲያርመው ታዘዘ። በዚያ አዳራሽ አንድ ድምፅ እስኪጠፋ 5 ሰኮንድ ተኩል ያህል ይቆይ ነበር። ሳቢንም ከተማው ጸጥ በሚልበት በሌሊት፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስነፋ፣ ከሳንደርስ ቲያትር የወንበር ትራሶችን እያስመጣ በአዳራሹ ውስጥ አኖረና ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ የሚጠፋበትን ጊዜ መዘገበ። ከዚህም አንድ ቀላል ሕግ አገኘ፤ ይኸውም የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ለክቶ በ0.161 ማባዛትና በክፍሉ ውስጥ ባለው ድምፅ የመምጠጥ ኀይል ማካፈል ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽም በእርሱ ስሌት ተሠራ።

እንግዲህ ሕጉን በእኛው ክፍል እንፈትነው። ርዝመቱ 9፣ ወርዱ 7፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 189 ሜትር ኩብ ይዘት አለው፤ ወለሉ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው ተደምሮ 222 ካሬ ሜትር ነው። ደረቅ ልስንና ሲሚንቶ ከሚደርስበት ድምፅ 4 ከመቶ ያህሉን ብቻ ይመጥጣል ብንል፣ የክፍሉ የመምጠጥ ኀይል ወደ 9 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ድምፁም ሰው በሌለበት 3.4 ሰኮንድ ይቆያል። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው የመማሪያ ክፍሎች ደንብ ግን ይህን ለሚያህል ክፍል የሚፈቅደው 0.6 ሰኮንድ ነው። ወደዚያ ለመድረስ 51 ካሬ ሜትር የመምጠጥ ኀይል ያሻል፤ ስለዚህ 42 ይጎድለናል ማለት ነው። 85 ከመቶ የሚመጥጥ ሰሌዳ ብንገዛ 49 ካሬ ሜትር ያህል ያስፈልገናል። 20 ካሬ ሜትር ብቻ ለመግዛት ዐቅማችን ቢፈቅድ እንኳ ጊዜው ከ3.4 ወደ 1.2 ሰኮንድ ይወርዳል። እያንዳንዱ ተማሪ በልብሱና በገላው 0.3 ካሬ ሜትር ያህል ይመጥጣል ብለን 50 ተማሪዎች ብናስገባበት ወደ 0.7 ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰሌዳዎች ትልቁን ሥራ እንደሚሠሩ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ጠጣር የፋይበርግላስ ሰሌዳ ማለት ከቀለጠ መስተዋት የተፈተለ ጭረት በሙጫ ተጣብቆና ተጠቅጥቆ እንደ ጣውላ የሚቆም ነው። ድምፅ በጭረቶቹ መካከል ሲያልፍ አየሩ ይታሻል፤ የድምፁም ኀይል ወደ ጥቂት ሙቀት ይለወጣል። ሲመርጡት መታየት ያለባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው ውፍረት ነው። ኦወንስ ኮርኒንግ 703 የተባለው የታወቀ ሰሌዳ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በሰኮንድ 250 ጊዜ ከሚነዝረው ወፍራም ድምፅ 0.28 ብቻ ይመጥጣል፤ በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ግን 0.86 ይመጥጣል። ቀጭኑን ቢገዙ ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ይጠፋና ወፍራሙ ጕርምርምታ ይቀራል። ስለዚህ ለመማሪያ ክፍል 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ባነሰ ባትረኩ ይሻላል።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ሻጩ «ከባዱ ይሻላል» ቢል በችኮላ አትመኑት። ከላይ የጠቀስሁት ሰሌዳ በሜትር ኩብ 48 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ እጥፍ የሚከብደውም አለ። ከባዱ ለጉዳት ይጠነክራል እንጂ ለጆሮ ያን ያህል ብልጫ የለውም፤ በእጥፍ ክብደት ፈንታ እጥፍ ውፍረት መግዛት ይበልጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ያለ ዋጋ የሚገኘው አየር ነው። በግድግዳው አጠገብ አየር እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ጭረቱ የሚያሸው ነገር ያንሰዋል። ሰሌዳው በእንጨት ማገር ላይ ከግድግዳው 5 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ተለይቶ ቢሰቀል ወፍራሙን ድምፅ ይበልጥ ይይዛል።

አራተኛው ልብሱ ነው። ሰሌዳው ጭረት እንዳይረግፍበትና የልጆች እጅ እንዳይነካው በጨርቅ መሸፈን አለበት፤ ጨርቁ ግን ትንፋሽ የሚያሳልፍ ይሁን። በአፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉበት፤ ትንፋሹ በቀላሉ ካለፈ ድምፁም ያልፋል። ሳሳ ያለ አቡጀዲ ወይም ንጹሕ የጆንያ ጨርቅ ይሆናል፤ ላስቲክና ሰም የተቀባ ጨርቅ አይሆንም። ከተሰቀለም በኋላ የዘይት ቀለም አይቀባ፤ ቀዳዳው ሲደፈን ተመልሶ ግድግዳ ይሆናልና።

አምስተኛው እሳት ነው፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። መስተዋቱ ራሱ አይቃጠልም፤ ሙጫውና ጨርቁ ግን ሊቃጠሉ ስለሚችሉ የእሳት ፈተና ምስክር ወረቀቱን ጠይቁ። በፋይበርግላስ ፈንታ ርካሽ ነው ተብሎ የአልጋ ስፖንጅ በግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ እለምናችኋለሁ። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት ድምፅ ለማፈን ስፖንጅ የተለጠፈበት አንድ የሙዚቃ ቤት ተቃጥሎ 100 ሰዎች ሞተዋል።

ስለ ጤናም የሚፈሩ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2001 እ.ኤ.አ. ነገሩን እንደገና መርምሮ ለቤት መሸፈኛ የሚሆነውን የመስተዋት ሱፍ ካንሰር አምጪ ለመባል ማስረጃ ከማይበቃባቸው ነገሮች መደብ አግብቶታል። ቢሆንም ቆዳንና ዐይንን ያሳክካልና የሚቈርጡት ሠራተኞች ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ሥራውም ልጆች በሌሉበት ቀን ይሁን።

የት እንደሚሰቀልም ማወቅ ይገባል። ከመምህሩ ራስ በላይ ያለው የኮርኒሱ መካከል ድምፁን ወደ ኋለኞቹ ልጆች ስለሚልክ ባዶውን ቢቀር ይረዳል። ሰሌዳው በቅድሚያ በኋለኛው ግድግዳ የላይኛው ክፍልና በኮርኒሱ ዳር ዳር ይሰቀል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች ካሉ ቢያንስ አንዱ ይሸፈን።

በመጨረሻም የማይችለውን እንዳትጠብቁበት ልንገራችሁ። ይህ ሰሌዳ በክፍሉ ውስጥ የሚነጥረውን ድምፅ ይመጥጣል እንጂ የጎረቤቱን ክፍል ጩኸትና የመንገዱን መኪና አያግድም፤ ያን የሚያግደው ከባድ ግድግዳና ቀዳዳ የሌለው በር ነው። ክረምት ሲገባ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን የዝናብ ድብደባም ብቻውን አያስቀርም።

ገንዘብ ለጊዜው የማይገኝበት ትምህርት ቤት ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ወፍራም መጋረጃ፣ በኋለኛው ግድግዳ በእንጨት ክፈፍ የተወጠረ የበግ ጠጉር ምንጣፍ፣ ሁሉም እንደ መጠናቸው ይረዳሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ወጪ የሌለው ሥራ አለ፤ ይኸውም ባዶ ክፍል ገብቶ አንድ ጊዜ ማጨብጨብና ድምፁ እስኪጠፋ ማዳመጥ ነው። ከዚያም በኋላ በመጨረሻው መደዳ ተቀምጦ ባልደረባችን «ጥል» እና «ትል»ን ሲያነብ መስማት ነው።

ይህን ሳናደርግ በኋለኛው መደዳ ያለውን ልጅ ሰነፍ አንበለው።